ከብቅሉ ይጀመራል

ጠላ ለመጥመቅ የተነሣ ጀማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጌሾ ነው። የየት አገሩ ይሻላል? ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ? ስንት ኪሎ ይበቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በዚሁ ምዕራፍ አለ። ነገር ግን ዱቄትና ውሃን ወደ መጠጥ የሚለውጠው ጌሾ አይደለም። በደቡብ የአገራችን ክፍል የሚጠጣው ቦርዴ ጌሾ አይገባበትም፤ ሆኖም ይፈላል፣ ያሞቃል፣ ሆድም ይሞላል። ብቅል የሌለበት ድፍድፍ ግን ምንም ያህል ጌሾ ቢጨመርበት፣ ምንም ያህል ቀን ተከድኖ ቢቆይ፣ ከኮመጠጠ ሊጥ አያልፍም። ስለዚህ ጠላ መጥመቅ መማር የሚሻ ሰው ከብቅሉ ይጀምር።

ብቅል ዛሬ ተፈጭቶ በኪሎ ይሸጣል። ምቹ ነው፤ ግን ማን እንዳበቀለው፣ በምን እንደደረቀ፣ ሻጋታ ነክቶት እንደሆነ ዱቄቱ አይናገርም። ጠላው እምቢ ሲል ታዲያ ጥፋቱ ወደ ጌሾው ይዞራል፤ አለዚያም ወደ ጠማቂዋ። «እጇ አይሆንም» ትባላለች። እጅ የሚባል ነገር መኖሩን አልክድም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠምቁ የኖሩ እናቶች ሳይለኩ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ ልክ ነው። ሆኖም ያ እጅ የሚሠራው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ቂጣው ለምን እንደሚጋገር፣ እንኩሮው ለምን ውሃ እንደሚርከፈከፍበት፣ ጋኑ ለምን እንደሚታጠን ያወቀ ሰው፣ እናቱ ጠላ ጠምቃ የማታውቅ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ሙከራ የሚጠጣ ጠላ ሊያወጣ ይችላል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከገብሷ ፍሬ ነው። ከፍሬዋ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስታርች ነው። ስታርች ማለት እጅግ ብዙ የስኳር ቅንጣቶች በሰንሰለት ተያይዘው የተከማቹበት ስንቅ ነው። እርሾ ይህን ረጅም ሰንሰለት መብላት አይችልም፤ ተበጣጥሶ አንድ፣ ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት ቅንጣት ሲሆንለት ነው የሚበላው። በፍሬዋ ውስጥ ያለው ጽንስም ሰንሰለቱን እንዳለ መብላት አይችልም። ስለዚህ ፍሬዋ ውሃ ስትጠግብ ጽንሱ ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ሆርሞኑ ሲደርሰው አልፋ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይሠራል፤ በፍሬው ውስጥ ታስሮ የቆየው ቤታ አሚሌዝም ይፈታል። አልፋው ሰንሰለቱን ከመሀል ከመሀል ይበጥሳል፤ ቤታው ደግሞ ከጫፍ እየጀመረ ሁለት ሁለቱን ይቆርጣል። ተክሉ ይህን ስኳር የሚፈልገው ሥርና ቅጠል ለማብቀል ነው። ጠማቂ ኢንዛይሙ ከተሠራ በኋላ፣ ስንቁ ግን ገና ሳይበላ፣ ብቅሉን አድርቆ ያስቆመዋል። ደረቅ ብቅል ማለት እንግዲህ ስታርቹንም፣ ስታርቹን የሚበጥሰውንም ኢንዛይም አብሮ የያዘ እህል ነው።

ይህን በጽሑፍ ከማንበብ በምላስ ማወቅ ይሻላል። አንድ ብርጭቆ የገብስ ዱቄት በውሃ አገንፍተው ወፍራም ገንፎ ይሥሩ። እሳቱን አጥፍተው፣ ገንፎው ጣት ለአፍታ እንኳ የማይታገሠው ያህል ትኩስ ሆኖ እንፋሎቱ ጋብ እስኪል ይጠብቁ፤ ቴርሞሜትር ላለው ሰው ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አሁን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረው ያማስሉት። ማማሰያውን የሚይዘው ገንፎ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል፤ እንደ አጥሚት ይፈስሳል። ከድነው ሙቀቱን ጠብቀው ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆዩትና ይቅመሱት። ስኳር ያልነካው ገንፎ ጣፋጭ ሆኗል። ከፋርማሲ የሚገዛ የአዮዲን ጠብታ ካለዎት ደግሞ በነጭ ሳህን ላይ ይሞክሩት፦ ብቅል ያልገባበት ገንፎ ላይ ጠብ ሲል ይጠቁራል፤ በደንብ በጣፈጠው ላይ ግን ጥቁረቱ በእጅጉ ይቀንሳል ወይም አይታይም። ይህን ሙከራ ለጀማሪ ሁሉ እመክራለሁ። የገዙት ብቅል ሕያው ይሁን የሞተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለያል፤ ገንፎው ካልቀጠነ በዚያ ብቅል ጠላ መጥመቅ ድካም ነው።

ብቅሉን ግን ራስዎ ቢያበቅሉት እመርጣለሁ። አንድ ኪሎ ተኩል ገብስ ይበቃል። ገብሱ ቅርፊቱን እንደለበሰ መሆን አለበት፤ የተፈተገ ገብስ አይበቅልም፣ የታመሰውማ ነገሩ አብቅቷል። ገና ከአውድማ የመጣ አዲስ ገብስም ያስቸግራል። ብዙ የገብስ ዓይነት ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ሳይበቅል የመቆየት ጠባይ አለው፤ በዝናብ ወቅት በራሱ ላይ እንዳይበቅል ተፈጥሮ የሰጠችው መከላከያ ነው። ለማረጋገጥ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማየት ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ90 በላይ ካበቀለ ጥሩ ነው፤ 70 ከሆነ ሌላ ገብስ ይፈልጉ፤ ምክንያቱም ያልበቀለው ፍሬ በእርጥበቱ ውስጥ ተቀምጦ የሻጋታ ምግብ ይሆናል።

ገብሱን አጥበው፣ የሚንሳፈፈውን ገለባ አንሥተው ይዘፍዝፉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይዘነጋል፦ ፍሬዋ ትተነፍሳለች። ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ውሃ ውስጥ ከቆየች ታፍና ትሞታለች፤ ውሃውም ይሸታል። ስለዚህ ለስምንት ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ፣ ውሃውን አፍስሶ፣ ለጥቂት ሰዓት አየር አስነክቶ፣ እንደገና በአዲስ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ይህ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። የፍሬዋ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ብቅ ስትል መዘፍዘፉ ይበቃል።

ከዚያ በንጹሕ ጆንያ ወይም በኮባ ቅጠል ላይ ሦስት ጣት ያህል ወፈር አድርጎ ማንጠፍና በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። በቅጠል ጠቅልሎ ድንጋይ መጫን የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ይሠራል፤ ግን የሚበቅል እህል በራሱ ይሞቃል፣ ታፍኖ ሲሞቅ ደግሞ ሻጋታ ይወደዋል። ጠዋትና ማታ እየገለጡ፣ የተያያዘውን ሥር በእጅ እያላቀቁ ማገላበጥ ይህን ይከላከላል። ቢደርቅ ውሃ ረጨት ያደርጉበታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይወስዳል፤ ቆላማ ቦታ ይፈጥናል፤ በክረምት ይዘገያል።

መድረሱ በሥሩ ርዝመት አይለካም፤ ሥር ቶሎ ያድጋል። የሚታየው ከቅርፊቱ ሥር በፍሬዋ ጀርባ በኩል የምትሄደው ቡቃያ ናት። አንዱን ፍሬ በጥፍር ሰንጥቀው ሲያዩ ቡቃያዋ የፍሬዋን ርዝመት ሦስት አራተኛ ያህል ከሄደች፣ ውስጧም በጣት ሲታሽ እንደ ጠመኔ የሚደቅ ከሆነ ደርሷል። አሁንም መሀሏ እንደ ድንጋይ ከሆነ አንድ ቀን ይጨመርላት። ቡቃያዋ አልፋ ከወጣች ደግሞ ተክሉ ስንቁን እየበላ ነው፤ የጠፋው ስታርች ከጠላው የሚቀነስ ነው። ወዲያው ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ቀን፣ ማታ ማታ እያስገቡ፣ በጥርስ ሲነክሱት ቀጭ እስኪል። ሲደርቅ በእጅ አሽቶ በሰፌድ በማንፈስ ሥሩን ማራገፍ ነው፤ ሥሩ መራራ ነው፣ እርጥበትም ይስባል።

በማንኛውም ደረጃ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ካዩ፣ ወይም እንደ ታፈነ ጓዳ ቢሸትዎት ሙሉውን ይጣሉት። አይታጠብ፣ አይለቀም። አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በማድረቅም፣ በመጋገርም፣ በመፍላትም አይጠፋም፤ ጉበት የሚጎዳም አለበት። በአንድ ኪሎ ተኩል ገብስ መጨከን ይቻላል።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር ይህ ነው፦ ብቅል አይታመስም። ጀማሪ ጠላው እንዲጠቁርለት ሲል ብቅሉንም ምጣድ ላይ ያገላብጠዋል። ኢንዛይም በሙቀት የሚበላሽ ነገር ነው፤ እርጥበት እያለው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ሥራውን ያቆማል፤ ምጣድ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያለፈ ነው። ቀለምና መዓዛ የሚመጣው ከሌላው እህል፣ ከአሻሮው ነው።

አሻሮ ለመሥራት ገብሱ፣ ወይም እንደ አገሩ ማሽላው፣ በቆሎው፣ ዳጉሳው ይታመስና ይፈጫል። ሲታመስ ቤቱን የሚሞላው ሽታ የሚመጣው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ ነው፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ለውጥ ነው፤ ለቡናና ለዳቦ ቅርፊትም ሽታ የሚሰጠው እሱው ነው። ትንሽ የታመሰ ብጫ ጠላ ይሰጣል፤ አብዝቶ የታመሰ ጥቁር ጠላ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ መሀከለኛውን እመርጣለሁ። ያረረ እህል ጠላውን የከሰል ጣዕም ይሰጠዋል፤ ያን ደግሞ ጌሾ አይሸፍነውም።

አሁን ወደ እንኩሮው። የአሻሮው ዱቄት ውሃ እየተርከፈከፈበት በእጅ ታሽቶ፣ ፍርፍር ሲል ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይበስላል። ቂጣውም እንዲሁ ነው፤ በውሃ ተለውሶ ይጋገራል። ሁለቱም ዘንድ ውሃና እሳት አንድ ላይ መጥተዋል፤ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ጥሬ ስታርች ተጠቅጥቆ የታሸገ ስለሆነ ኢንዛይም ዘልቆ አይገባበትም። ውሃ ጠጥቶ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ያብጣል፣ ይፈታል። በደረቁ ብቻ የታመሰ እህል ሽታ ያገኛል እንጂ ስታርቹ በደንብ አይፈታም። እንኩሮው ላይ ውሃ የሚርከፈከፈው ለማላላት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ውሃውን ቆጥቦ የሠራውን ጠላ ይቅመስ፤ ቀጭንና ባዶ ይሆናል።

የአውሮፓ ቢራ ጠማቂ ይህንኑ ሥራ በአንድ ድስት ይሠራዋል። የተፈጨ ብቅል በውሃ በጥብጦ ከ62 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ በዚያ ሙቀት ስታርቹም ይፈታል፣ ኢንዛይሙም ይፈጥናል። ጣፋጩን ውሃ አጥልሎ ያፈላዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ እርሾ ይጨምርበታል። የኛ ጠማቂ ቴርሞሜትር አያስፈልጋትም፤ ስታርቹን አስቀድማ በምጣድ ፈታዋለች። ድፍድፉ ውስጥ ኢንዛይሙ በቤቱ ሙቀት ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ስኳር በወጣ ቁጥር እርሾው እዚያው ይበላዋል። ሁለቱ ሥራ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። እኔ ይህን ዘዴ እጅግ አደንቀዋለሁ። በማገዶና በምጣድ ብቻ፣ ያለ ምንም መለኪያ፣ አንድ ከባድ ችግር ፈትቷል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ በሰዓት የሚያልቀው በቀናት ይሆናል፤ በእነዚያ ቀናት ደግሞ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጠላ ለዘብ ያለ ኮምጣጣነት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚያን ባክቴሪያዎች በልክ የሚይዛቸው ጌሾ ነው። ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይዲስ ይባላል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ ያገኙትን መራራ ንጥረ ነገር ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል። በአውሮፓ ቢራ የሆፕስ አበባ የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ ነው፦ ማምረርና ከብልሽት መጠበቅ። ልዩነቱ ሆፕስ ምሬቱን በደንብ የሚሰጠው ረጅም ጊዜ ሲፈላ መሆኑ ነው፤ ጌሾ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ይሰጣል። ቅጠሉ ቶሎ ይሰጣል፤ ለጥንስስ ይሆናል። እንጨቱ ተከትክቶና ተወቅጦ ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ለድፍድፉ ይሆናል። ሲገዙ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሲታሽ የሚሸት ይሁን። ለሃያ ሊትር ያህል ድፍድፍ ከሁለቱም 200 200 ግራም ይበቃል። ማብዛት ጠላውን አያጠነክረውም፤ ያመርረዋል እንጂ።

ስለ ዕቃው አጭር ነገር ልበል። ጋን ወይም እንስራ ካለ መልካም ነው፤ የሸክላው ቀዳዳዎች የቀደመውን ጥምቂያ እርሾ ያስቀራሉ። ከሌለ 25 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ ጥሩ ነው፤ ቀለም ወይም ዘይት የነበረበት አይሁን። ሸክላው በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በሚጨስ ወይራ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፣ በዕቃው ገጽ ላይ ያሉ ተሐዋስያንንም ይቀንሳል። ፕላስቲኩን በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይጠቡት። በብረት ሽቦ አይፈግፍጉት፤ የሚተወው ጭረት ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ የወይራ መዓዛ ከፈለጉ የሚጠነሰስበትን ትንሽ ማሰሮ ማጠን ይበቃል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ከእህል ውስጥ ካሉ ነገሮች ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ጣዕም ያመጣል። አፍልቶ ማቀዝቀዝ መፍትሔ ነው። በከፍታዋ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ጠማቂ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ የከተማው ውሃ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ ደግሞ ውሃውን በማሳደር በቀላሉ አይለቅም። የቢራ መጥመቂያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ለዚህ የሚሆን የሰልፋይት ክኒን አላቸው፤ ወይም የታሸገ የምንጭ ውሃ መግዛት ነው።

ውጭ አገር ላሉ ሌላም ሁለት ነገር አለ። እነዚያው ሱቆች ብዙ ዓይነት ብቅል ይሸጣሉ፤ «ፔል ሞልት» የሚባለው ገና ኢንዛይሙ አለው፣ ክሪስታልና የተቆላው ጥቁር ብቅል ግን የላቸውም፤ ለአሻሮ ምትክ እንጂ ለብቅል አይሆኑም። ሁለተኛው ሕግ ነው። በአሜሪካ ለራስ ቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ሕግ ነው፤ አንድ አዋቂ ብቻ ለሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት 200 ጋሎን። መሸጥ ግን አይቻልም። ሳዑዲ አረቢያና ኩዌት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ አትሞክሩት። ለበዓል ናፍቆት ተብሎ የተጠነሰሰ ትንሽ ማሰሮ ለእስርና ለመባረር ያበቃል። ለእናንተ ሳይፈላ የሚጠጣ የገብስ መጠጥ ይሻላል።

ጥንስሱን በ3 ሊትር ውሃ እንጀምራለን፦ 200 ግራም የጌሾ ቅጠል ዱቄትና አንድ ጭብጥ የብቅል ዱቄት ተበጥብጦ ይከደናል። ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ ይታያል፣ ሽታውም ከሣር ወደ ፍራፍሬ ይጠጋል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት የተጋገረው ቂጣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቆራረስና ከግማሽ ኪሎ በላይ ከሚሆን ብቅልና ከተወቀጠው የጌሾ እንጨት ጋር ይጨመራል። ቂጣውም እንኩሮውም እስኪበርድ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ትኩስ ነገር እርሾውንም ኢንዛይሙንም ይገድላል። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከሦስት ኪሎ አሻሮ የተሠራው እንኩሮ ከቀረው ብቅል ጋር ይገባል፤ በማማሰያ የሚከብድ ያህል እንዲወፍር ውሃ ይጨመርና ይደፈደፋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ እርሾው ይሠራዋል። በ1516 እ.ኤ.አ. የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይሠራ ብለው ሲደነግጉ እርሾን አልጠቀሱም፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው በ1876 ነው፤ በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንድን የእርሾ ዘር ከሌላው ለይቶ ማራባት ቻለ። የፋብሪካ ቢራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጣዕም የሚኖረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠላ እርሾውን የሚያገኘው ከጌሾው፣ ከብቅሉ ቅርፊትና ከዕቃው ነው፤ ስለዚህ ከቤት ቤት ይለያያል። አዲስ ፕላስቲክ ባልዲ ይህ ቅርስ የለውም። ከሚጠምቅ ጎረቤት ሁለት ጭልፋ ትኩስ ድፍድፍ ለምኖ ጥንስሱ ላይ መጨመር ከሁሉ የተሻለ መላ ነው። ጎረቤት ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ነውር የለውም፤ ጣዕሙ ግን ትንሽ ይደኸያል።

ድፍድፉ ይነፋል፣ ይወጣል፤ ባልዲው እስከ አፉ እንዳይሞላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በንጹሕ ማማሰያ ማገላበጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ መክደንና አለመንካት። አየር ሆምጣጤ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎችን ይቀልባል፤ ጋን በጭቃ የሚመረገው ለዚህ ነው። ባልዲ ከሆነ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር ነው፤ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ሙቀቱ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን እርሾው ይመቸዋል፤ ሐምሌ ላይ በብርድ ልብስ መጠቅለል አለበት። ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናትን «እትዬ፣ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ጆሮህን ጋኑ ላይ ጣል፣ ልጄ። የሚያንሾካሹከው ዝም ሲል ደርሷል» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ የሚያንሾካሹከው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ስኳሩ ሲያልቅ ዝም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ነው።

ዝም ሲል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ስምንት ሊትር ያህል ይሞላበትና ይከደናል። የቀረው ስታርች እንደገና ይንቀሳቀሳል፤ በሁለት ሦስት ቀን ገለባው ይዘቅጣል፣ ላዩ ይጠራል። በዚያ መሀል የሚቀዳው ገና ያልጠለለው ጉሽ ነው፤ እኔ እወደዋለሁ፣ ብዙ ሰው ግን ሆዱን ይነፋዋል። የጠለለው በሻሽ ተጣርቶ ወደ አሥር ሊትር ይወጣዋል። የተለመደ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፤ ፊልተር የሚባለው ጠንካራው ከ5 እስከ 6 ይደርሳል። እንግዲህ ለፋሲካ የሚጠምቅ ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት ገብሱን መዘፍዘፍ አለበት።

አንድ አደጋ አለ፤ በደንብ ይሰማ። ጠላ ከተቀዳም በኋላ ይፈላል። በመስታወት ጠርሙስ ሞልቶ በቆርኪ አጥብቆ የሚከድን ሰው ፈንጂ እያስቀመጠ ነው። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ (ሃይላንድ) ይጠቀሙ፤ ሲጫኑት ከደነደነ ክዳኑን ላላ አድርገው ጋዙን ያስወጡ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት። የኮመጠጠው ጠላ ይጠጣል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው ወይም ላዩ ላይ ጸጉራም ሻጋታ የወጣበት ግን ይደፋል።

ጠላው ሲያልቅ ድፍድፉ አላለቀም። ሌላ አራት አምስት ሊትር ውሃ ቢሞላበት በማግሥቱ ቅራሪ ይሆናል፤ ቀላልና ጥም ቆራጭ ነው፤ ለቀን ሥራ የሚሻለው እሱ ነው። የመጨረሻው አተላ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ለአትክልት ማዳበሪያ። ከመድፋትዎ በፊት ግን ከሥሩ ካለው ነጭ ዝቃጭ ሁለት ጭልፋ በፈላ ውሃ በታጠበ ዕቃ አስቀርተው፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጥንስስ ከጠነሰሱ እርሾው ከእርስዎው ቤት ይሆናል።